ላሊበላ ስንሄድ አስጎብኚ እንያዝ

ላሊበላ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚ አይዝም። «እሱ ለፈረንጅ ነው» እንላለን። ሃይማኖቱ የእኛ፣ ቋንቋው የእኛ። የንጉሡን የቅዱስ ላሊበላን ታሪክም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ሲወለድ ንብ የከበበው ሕፃን። መርዝ ያጠጣችው እህት። ሦስት ቀን ወደ ሰማይ ተወስዶ የሚሠራውን ሁሉ አይቶ የተመለሰው ሰው። ቀን ሰው ሲጠርብ ውሎ ሌሊት የሚተኩት መላእክት። ታዲያ አስጎብኚ ምን ይጨምርልናል? እንሳለማለን፣ ጸበል እንጠጣለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን።

እኔ ከአክስቴ ጋር ስሄድ አስጎብኚ ያዝን። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምለው አንድ ነው። ሆቴላችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ምሳችሁን ቀለል አድርጉ፣ አስጎብኚ ግን ያዙ። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

አክስቴ ከዚያ በፊት ከማኅበሯ ጋር በአውቶቡስ ለገና ሄዳ ታውቃለች። ገና እዚያ የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፤ ቅዱስ ላሊበላም የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው ተብሎ አብሮ ይከበራል። የሄደ ያውቀዋል፤ ሰዉ ነጭ ለብሶ ገደሉን፣ ጣሪያውን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ይሞላዋል። አክስቴ ስለዚያ ጉዞ ስትናገር እንባዋ ይመጣል። ግን «ምን አየሽ?» ካልኳት «የሰው ጀርባ» ትላለች። ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ጥምቀት አልፎ፣ ሕዝቡ ተበትኖ፣ ከተማው ረጭ ካለ በኋላ ሄድን።

አስጎብኚያችን የከተማው ልጅ ነው። ዲያቆን ሆኖ እዚያው አገልግሏል፣ በኋላ ኮሌጅ ገብቶ ቱሪዝም ተምሯል። መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ነጠላውን ደርቦ መጣ። ከሰላምታው ቀጥሎ አክስቴን የጠየቃት ጥያቄ እስካሁን ይገርመኛል።

«እናታችን፣ የመጡት ለመሳለም ነው ለማየት?»

«ለሁለቱም አይሆንም እንዴ ልጄ?»

«ይሆናል። ግን በየተራው እናድርገው። መጀመሪያ ይሳለሙ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሲጨርሱ እናያለን።»

በየቤተ ክርስቲያኑ ያደረገው ይህንኑ ነው። አክስቴ ደጁን ስማ፣ ጸሎቷን አድርሳ እስክትዞር ድረስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ከዚያ ራመድ ብሎ «አሁን እንይ» ይላል። ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ያ ጉብኝት የተሳካው በዚህ ነው። እኛ አማኞች መሳለም እናውቃለን። ማየት ግን ሌላ ሥራ ነው። ግንባራችንን ግድግዳው ላይ ስናሳርፍ ግድግዳው አይታየንም።

የጀመርነው ከቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ እሱ ነው፤ ርዝመቱ ከ33 ሜትር ያልፋል፣ ከፍታው ደግሞ 11 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ድንጋይ ነው። «አንድ ድንጋይ» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን አስጎብኚው ቀና ብለን ዙሪያውን የቆመውን ገደል እንድናይ ሲያደርገን ነው። «መጀመሪያ የነበረው ያ ነው» አለን። ሰዎቹ ሜዳ ላይ ቆመው ዙሪያውን ቦይ እያወረዱ መሃሉን ለብቻው አስቀሩት። ከዚያ ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ጠረቡት። ውስጡንም እንደዚያው ፈለፈሉት፣ ዓምዱን፣ ቅስቱን፣ መቅደሱን እያስቀሩ። ሌላው ዓለም ቤት የሚሠራው ከመሠረት ወደ ላይ ነው። እዚህ ጣሪያው ሲጠረብ መሠረቱ ገና አልታየም።

«አንድ ሰው መሮውን አንድ ጊዜ ቢስት» አለ፣ «መልሶ የሚለጥፈው ነገር የለም። ዓምድ የሚሆነውን ቦታ ፈልፍሎ ቢያወጣው ዓምድ የለም ማለት ነው።»

አክስቴ ይህን ስትሰማ አማተበች። እኔም ያሰብኩት ስለ ጠራቢዎቹ ነው። ስማቸውን የሚጠራ የለም። ግን በጭንቅላታቸው ውስጥ ሙሉው ቤት ነበረ። ካልነበረ አይሆንም።

ከዚያ በውጭ በኩል ያሉትን ዓምዶች በቅርበት እንድናይ አደረገን። አንዳንዶቹ ወጥ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ግን መገጣጠሚያ ይታያል፤ ባለፈው ምዕተ ዓመት በጥገና ጊዜ በግንብ የተተኩ ናቸው። ይህን ሳይደብቅ መናገሩን ወደድኩለት። የወደቀውንና የቆመውን ለይቶ ሲያሳየኝ ለቆመው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ውስጥ ጥግ ላይ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ መታሰቢያ የተቆፈሩ ሦስት ባዶ መቃብሮች አሉ። አፍሮ አይገባ የሚባለው የወርቅ መስቀልም የዚህ ደብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፣ በኋላ ተመለሰ። አክስቴ የጠፋ ጊዜ የነበረውን ለቅሶ ታስታውሳለች። «ሰው እንደሞተ ነው የተለቀሰው» አለች። አስጎብኚው ያኔ ሕፃን ነበር። እሱ ዝም ብሎ እሷ የነገረችው ብቸኛው ነገር ይህ ነው፣ በጥሞና አዳመጣት።

ቤተ ማርያም ላይ ብዙ ቆየን። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ያልተቀባ፣ ያልተቀረጸ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ጣሪያውና ቅስቶቹ በሥዕል ተሸፍነዋል። መሃሉ ላይ አምደ ብርሃን የሚባለው ዓምድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቆሟል። ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል ይባላል፣ ማንም አይገልጠውም። አስጎብኚው ይህን ነግሮን ምንም አልጨመረበትም። ከዚያ ወደ ውጭ አውጥቶ መስኮቶቹን አሳየን። ሦስት መስኮቶች ጎን ለጎን፣ እንደ ስቅለቱ ሦስት መስቀሎች። የአንደኛው ትንሽ ቀዳዳ ከላዩ ናት፤ ይህ ገነት የገባው ወንበዴ ነው። የሌላኛው ከታች ናት፤ ያኛው ደግሞ ያልተመለሰው። ማብራሪያው እዚያ ከተማ ለዘመናት ሲነገር የኖረ ነው። ሳይነገረኝ ግን አላየውም ነበር። ከፊቱ ቆሜ አልፈው ነበር።

ግቢው ውስጥ ያለው ገደልም አለ። በገና ሌሊት ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ይቀባበላሉ። ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። አክስቴ ያኔ በሕዝቡ መሃል ተጨናንቃ ድምፁን ብቻ ነው የሰማችው። አስጎብኚው ላይኞቹ የሚቆሙበትን፣ ታችኞቹ የሚቆሙበትን በእጁ እየጠቆመ አሳያት። «እኔስ ያኔ የት ነበርኩ?» ብላ ጠየቀችው። ተሳስቀው ቦታውን አብረው ፈለጉት።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከባዱ ነበር። ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። የቅዱስ ላሊበላ መቃብር ያለው እዚያ ነው። ከግድግዳው ላይ የተቀረጹ የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳንም ያሉት እዚያ ነው፤ በአገራችን የዚህ ዓይነት ትልቅ የድንጋይ ምስል ሌላ ቦታ አይገኝም ማለት ይቻላል። ብዙ አስጎብኚ እዚህ ጋ ሴቶችን ውጭ አቁሞ ወንዶቹን ይዞ ይገባል። የእኛ ሰው እኔና አክስቴን ብቻ ነው የያዘው። ስለዚህ ከጎኑ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ሲና ውስጥ፣ እስከሚፈቀድልን ድረስ አድርሶን፣ ቆሞ በቃል አስጎበኘን።

«በሩን እንዳለፉ በስተቀኝ ግድግዳው ገባ ብሏል፣ እንደ ጎጆ። ውስጡ ሰው ቆሟል። ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል። ፊቱ ወደ እናንተ ነው።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። «እጁስ?» «የቆመው ብቻውን ነው?» «ብርሃን ይገባበታል?» እያለች ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልሳል። ሳይሰለች፣ ሳይቸኩል፣ እያንዳንዱን። መግባት ባለመቻሌ ቅር አልተሰኘሁም ብል ሐሰት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አከብራለሁ፣ ማየት መፈለጌም እውነት ነው፣ ሁለቱም አብረው ውስጤ አሉ። ግን ያ ሰው ዓይኑን አዋሰን። ስለ አስጎብኚነት ሥራ ከዚያች ሩብ ሰዓት በላይ ያስተማረኝ የለም።

ከዚያ ዮርዳኖስን ተሻገርን። ዮርዳኖስ ማለት ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች የሚለየው ቦይ ነው፣ ከድንጋይ የተፈለፈለ መስቀል ቆሞበታል። ጎልጎታ፣ ዮርዳኖስ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ሲና፤ ድሮ ሮሃ የተባለችው ይህች የላስታ ከተማ የቅድስት አገርን ስሞች ተሸክማለች። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሙስሊሙ ሱልጣን በሳላሃዲን እጅ ስትገባ ንጉሥ ላሊበላ በዙፋን ላይ ነበረ። ብዙዎች ሁለቱን ያገናኟቸዋል። አስጎብኚው ግን ኢትዮጵያውያን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ኢየሩሳሌም መሄድ እንዳላቋረጡ አስታወሰን። ሁለተኛ ኢየሩሳሌም መሥራት የሚፈልገው አንደኛዋን የሚወድ ነው አለን።

በዚህኛው ወገን ነገሩ ይወሳሰባል። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ላይሆኑ ይችላሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ምሽግ ወይም ቤተ መንግሥት ነበሩ፣ ከላሊበላ ዘመንም ብዙ ይቀድማሉ ይላሉ። ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን ተሠርቶ አላለቀም የሚለውን ብዙ ምሁራን ይቀበሉታል። ይህን አክስቴ ፊት እንዴት ይናገረዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ተናገረው። ምሁራኑ የሚሉትን በእርጋታ አስረዳ፣ የግድግዳውን የጠረባ ልዩነት አሳየ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውንም አስከትሎ ተናገረ። አንዱን በሌላው አላፌዘበትም።

«አንተስ የትኛውን ታምናለህ?» አለችው አክስቴ፣ እንደ ፈተና።

«እኔ እናታችን፣ እዚህ ተጠምቄያለሁ፣ እዚህ ቀድሻለሁ። መላእክት አላገዙም የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ግን የሰውን እጅ ሥራም መካድ አልፈልግም። ሰዎቹም ደክመዋል።»

«ሰዎቹም ደክመዋል» የሚለውን አክስቴ ማታ ሆቴል ውስጥ ደገመችው።

ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያደርስ ዋሻ አለ። ከ30 ሜትር በላይ ይሆናል። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። አስጎብኚው የስልካችንን መብራት እንድናጠፋ ጠየቀን። አንድ እጃችን ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ከፊት ያለው ሰው ትከሻ ላይ። አክስቴ ከመሃል ሆነች። ጨለማው እውነተኛ ጨለማ ነው፣ ዓይን ቢከፍቱም ቢጨፍኑም ለውጥ የለውም። እግዚኦታ ስትል እሰማታለሁ። እሱ ከፊት እየሄደ «እዚህ ጋ ዝቅ ይበሉ»፣ «አሁን ትንሽ እርምጃ ወደ ላይ» ይላታል። መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። ቀን ብርሃን ላይ ስንወጣ አክስቴ ጉልበቷን ይዛ ቆመችና «ይኼንስ መጽሐፍ አይነግርሽም» አለችኝ።

ከዚያ ቤተ አማኑኤል። ሥራው ከሁሉም የጠራው ይህ ይመስለኛል። ግድግዳው ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ እያለ በአግድም ተደራርቧል። አክስቴ «የመሶብ እንጀራ ይመስላል» አለች፣ እውነቷን ነው። ግን ለምን እንደዚያ ሆነ? ድንጋይ ሲፈለፈል እንዲህ መሆን የለበትም፣ ልሙጥ ማድረግ ይቀላል። አስጎብኚው ያብራራልን እዚህ ላይ ነው። በአክሱም ዘመን ቤት የሚሠራው በአንድ ረድፍ ድንጋይ፣ በአንድ ረድፍ እንጨት ነበር። እንጨቱና ድንጋዩ አንዱ ገባ አንዱ ወጣ ይላል። በመስኮትና በበር ማዕዘኖች ላይ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል። አክሱም ያሉት ትልልቅ ሐውልቶችም ይህንኑ ቤት በድንጋይ የሚስሉ ናቸው፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የእንጨቱ ጫፍ ሳይቀር ተቀርጿል። የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች እንጨት አልነበራቸውም፣ አላስፈለጋቸውምም። ግን ቤት ማለት ለእነሱ ያ ነበር። ስለዚህ በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ የሌለውን እንጨት ጠረቡት።

«እንጨቱ ያለበትን ማየት ከፈለጋችሁ» አለ፣ «ይምርሐነ ክርስቶስ እንሂድ።» ለማግስቱ ተቀጣጠርን።

ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ብዙ አልጽፍም፣ ፎቶውን ሁሉም አይቶታል። ከላይ ሲታይ መስቀል ነው፣ ጣሪያው ላይም መስቀል በመስቀል ውስጥ ተቀርጿል። የምለው አንድ ነገር ነው። ከላይ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ከታች ቆማችሁ ቀና በሉ። የታችኞቹ መስኮቶች ክፍት አይደሉም፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ የአክሱሞቹ ጫፎች እዚያም አሉ። የላይኞቹ ክፍት ናቸው፣ ቅስታቸውም ሌላ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ያረፈበት የሚባለውንም ቦታ አስጎብኚያችሁ ካላሳያችሁ ጠይቁት።

እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ እዚህ የመጣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ ነበረ። ያየውን ጽፎ ጽፎ፣ የአገሬ ሰው አያምነኝም ብሎ ስለፈራ የጻፍኩት እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ምሏል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን አክስቴ «መማሉስ ደግ አደረገ» አለችው።

አሁን ስለሚያሳስበኝ ነገር ልናገር። ድንጋዩ እየተጎዳ ነው። ዝናብ ይገባበታል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፣ ግን መመዝገብ ዝናብ አያስቆምም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ለጊዜው ተብለው ነው የቆሙት። አሁንም አሉ። ክብደታቸው ቅርሱን ይጎዳዋል ብሎ የሰጋው የከተማው ሕዝብ በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ ነበር። በሌላ በኩል ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያለ መጠለያ፣ ድንጋዩን ራሱን በመጠገን ተሠርቷል። የእኔ ልብ ወደዚህኛው ያደላል። አድካሚ ነው፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። ግን ሰማይ ታያላችሁ።

ሰዉም ተጎድቷል። መጀመሪያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ፤ ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። ከዚያ በኋላም ሰላሙ አልረጋም። አስጎብኚያችን እንደነገረን ብዙ ጓደኞቹ ሥራውን ትተዋል። አንዳንዱ ሱቅ ከፍቷል፣ አንዳንዱ ከተማውን ለቋል። የውጭ ሰው ሲጠፋ ሥራው ይጠፋል፣ ምክንያቱም የአገር ሰው አይዛቸውም። ያ በድቁና፣ በትምህርትና በእግር የተከማቸ እውቀት ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነ ይቀመጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እኛ በየዓመቱ በአውቶቡስ እየሞላን እንሄዳለን። ሃምሳ ሰው ተዋጥቶ አንድ አስጎብኚ ቢይዝ ለየአንዳንዱ የሚደርሰው ከሻማ ብር አይበልጥም።

በማግስቱ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄድን። መንገዱ አቧራማ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ በጥድ መሃል የእግር ዳገት። አክስቴ ቀስ ብላ፣ እያረፈች ወጣችው። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው የተሠራው፣ ያሠራው ንጉሥም ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ግንብ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ግንብ።

አክስቴ ተሳለመች። ጸሎቷን ጨረሰች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ራመድ ብላ ወደ ኋላ ቆመችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኸውና! አማኑኤል ያየነው ይኼው ነው! እዚህ እንጨቱ እንጨት ነው፣ እዚያ ድንጋይ አድርገውት ነው!»

አስጎብኚው ሳቀ። «እንግዲህ ዛሬ እርስዎ ያስጎብኙን፣ እናታችን» አላት።

አስጎበኘችን። እጄን ይዛ መስኮቶቹን በየተራ እየጠቆመች፣ የቱ ጫፍ የት እንደወጣ እያሳየች፣ ዙሪያውን አዞረችኝ።